አባቴ የሚያዩዋቸው ሠራተኞች

አባቴ ግንበኛ ነበሩ። ከአርባ ዓመት በላይ ቢቸና ውስጥ ድንጋይ ሲያነባብሩ ኖረዋል። ግንብ ቀጥ ማለቱን የሚለኩበት ቱምቢ ከኪሳቸው ባይጠፋም ብዙ ጊዜ አያወጡትም ነበር። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን ያዩና ረዳታቸውን «ወደ ግራ ነካ አድርጋት» ይሉታል። ነካ ካደረጋት በኋላ ቱምቢው ቢወርድ ድንጋይዋ ልክ ሆና ትገኛለች። ስለዚህ የታላቅ ወንድሜን አጥር ሲሠሩ ግንቡ ቢዘምባቸው ማናችንም ሕመም ነው ብለን አላሰብንም።

ወንድሜ እዚያው ቢቸና እህል ይነግዳል። እኔ ሞጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ነገሩን የሰማሁት በስልክ ነው። ግንቡ ወገብ ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ ተጋደለ። አባቴ አፈረሱት። እንደገና ሠሩት፤ እንደገና ተጋደለ። በሦስተኛው ቱምቢውን አውጥተው፣ ክሩን በጣታቸው አንጠልጥለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለረዳታቸው ሰጡትና «አንተ እየው፤ እኔን ዛሬ ዓይኔን ደከመኝ» አሉ። አባቴ ሥራ ላይ ሆነው «ደከመኝ» ሲሉ ሰምተን አናውቅም።

«መነጽር ይገዛላቸው» አልሁ። መነጽር ተገዛ።

ከወር በኋላ ወንድሜ ደግሞ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ ግንቡ ላይ ልጆች ተቀምጠዋል ይላሉ» አለኝ።

«የጎረቤት ልጆች ይሆናሉ።»

«ማንም የለም እኮ! አጠገባቸው ቆሜ ነው። ‹አውርዳቸው፣ ሲሚንቶው አልደረቀም› ይሉኛል። አንዷ ቀይ ሹራብ ለብሳለች ብለው ልብሷን ሳይቀር ይነግሩኛል።»

ቅዳሜ ዕለት ሄድሁ። አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው ጠበቁኝ። ተነሥተው ሳሙኝ፤ ስለ ተማሪዎቼ ጠየቁኝ፤ የሞጣ ዝናብ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ወንድሜ ነገር ያጋንናል ብዬ በሆዴ ተቆጣሁት። ምሳ ስንበላ ግን ከፊታቸው ቆርሰው ወደ ጎን አስቀመጡ።

«ለማን ነው አባባ?» አልኋቸው።

«ለዚች ልጅ ነዋ» አሉ፣ ባዶውን ወንበር በአገጫቸው እያሳዩኝ። «ከጠዋት ጀምራ ቆማ ነው የዋለችው።»

አልፈሩም፣ አልደነገጡም። የጎረቤት ልጅ እንደሚያስተናግድ ሰው ነበሩ። ከማዕድ ሲነሡ ደግሞ እግራቸው ከመሬት እንደማይነሣ አየሁ። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተጣብቋል፤ ሲራመዱ አይወዛወዝም። ነርቭ ምን እንደሚሠራ ሰሌዳ ላይ ስስል ነው የምውለው፤ ያየሁት ነገር ግን አልገባኝም።

በዚያው ክረምት አባቴ ቤታቸው የማያውቋቸው ሰዎች ገብተዋል ብለው ዱላ ይዘው ወጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ወንድሜ ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ ደግፎ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዳቸው፤ እዚያ የማረጋጊያ መርፌ ተወጉ። የወጋቸው ሰው ክፋት አልነበረበትም። ከፊቱ የቆመው የሚጮህ ሽማግሌ ነው፤ የሚያውቀውን አደረገ። አባቴም ጸጥ አሉ። ወንድሜ ደውሎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተኙ» አለኝ። በማግስቱም «እንደተኙ ናቸው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን «ውሃ አልዋጥ አላቸው» ሲለኝ የማርመውን የፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ስደርስ አባቴ እንደ እንጨት ደርቀዋል። ክንዳቸውን ላጥፍ ብል አይታጠፍም። መንጋጋቸው ተቆልፎ ምራቃቸው በአፋቸው ጥግ ይወርዳል። ዓይናቸው ብቻ ክፍት ነው።

«አባባ፣ ከሰሙኝ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አልኋቸው።

ጨፈኑ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አላማከርሁም። ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን፤ መቀመጫውን አስነቅለን ፍራሽ አነጠፍንና ሞጣን አልፈን ባሕር ዳር ገባን።

የተቀበለችን ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። አባቴን መርምራ ከጨረሰች በኋላ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። «አባትዎ በእንቅልፋቸው ይራገጣሉ? ይጮሃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደነገጥሁ። ከአራት ዓመት በፊት ያረፈችው እናቴ «አባታችሁ ዛሬም ከበሬ ጋር ሲታገሉ አደሩ» እያለች ታስቀን ነበር። በመካከላቸው ትራስ ታደርግ ነበር፤ አንድ ጊዜም ክንዷ በልዞ አይተን ሁላችንም ስቀናል።

«አዎ» አልሁ። «ከብዙ ዓመት ጀምሮ።»

«አንድ ቀን ደኅና ሆነው በማግስቱ ሌላ ሰው ይሆናሉ?»

«በአንድ ቀን ውስጥም ይሆናሉ።»

«የሌለ ነገር ሲያዩ ጥርት አድርገው ነው የሚያዩት? መልኩን፣ ልብሱን ይናገራሉ?»

«ቀይ ሹራብ» አልሁ።

የሕመሙን ስም በወረቀት ጻፈችልኝ። «ሌዊ ቦዲ ዲሜንሻ ይባላል። ከመርሳት ሕመሞች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በመርሳት አይጀምርም። ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ ዓይናቸው ያየውን አእምሯቸው በትክክል አያነበውም። አካሄዳቸውንም የያዘው እሱ ነው።»

«ይድናሉ?»

«አይድኑም» አለች፤ አላለባበሰችም። «ነገር ግን በአግባቡ ከተያዙ ደኅና ቀኖች ይኖሯቸዋል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ። ያ መርፌ ሁለተኛ እንዳይነካቸው። ሌላውን ሰው የሚያረጋጋው መድኃኒት እንደ እርሳቸው ያለውን ሊገድል ይችላል። የትም ቢሄዱ ይህን ወረቀት ያሳዩ።» ሊሰጧቸው የማይገቡትን መድኃኒቶች ዘርዝራ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም አሳርፋ ሰጠችኝ።

ዐሥር ቀን ተኙ። ሰውነታቸው ቀስ በቀስ ተፍታታ። መዋጥ ጀመሩ፤ ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ ተደግፎ መቆም። ለመውጣት አንድ ቀን ሲቀረን ከወንድሜ ጋር ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

«እኔ ሞጣ እወስዳቸዋለሁ» አልሁት።

«እኔ እያለሁ? አባቱን ለሴት ልጅ ሰጠ ይሉኛል።»

«የሚሉህ ሰዎች አያጎርሷቸውም፤ የሚሉህ ሰዎች አያነሷቸውም። ወንድምዓለም፣ አንተ ጥፋተኛ ነህ ማለቴ አይደለም። አንተ ጎህ ሳይቀድ ለገበያ ትወጣለህ። እኔ ግማሽ ቀን ነው የማስተምረው። ብቻዬን ነኝ፤ ቤቴም ባዶ ነው።» ትዳሬ ከፈረሰ ቆይቷል፤ አንዲት ልጄም ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

«ጠበል ሳይሞከር?» አለኝ። አርባ ቀን ጠበል ቦታ ሊያስቀምጣቸው አስቦ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። በኋላ የአባታችን የንስሐ አባት ዘንድ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ። ነገሩን ከሥር ነገርኋቸው። ሽማግሌው ቄስ አዳምጠው ሲጨርሱ «ጠበሉ መድኃኒት አትዋጡ አይልም፤ ሁለቱንም ያድርጉ። ብርድ ላይ እንዳይቆሙ ብቻ» አሉ። ወንድሜም በዚህ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ክፍት በሆነ ቁጥር ጠበሉን በጀሪካን ይልካል። እኔም ለብ አድርጌ ፊታቸውንና ራሳቸውን አስነካቸዋለሁ።

ሞጣ ያለው ቤቴ ሁለት ክፍልና ጠባብ ግቢ አለው። የመጀመሪያው ጦርነት ወለሉ ላይ ነበር። ሳሎኑ ላይ ጥቁር አበባ ያለበት የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፌ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ አልገባም አሉ። ብለምናቸው፣ ብስባቸው አልሆነም።

«ገደል ውስጥ ልትከችኝ ነው?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ በሳቸው ቁመት ልክ ሆኜ አየሁት። ጥቁሮቹ አበቦች በርግጥም ጉድጓድ ይመስላሉ። ምንጣፉን ዕለቱኑ ጠቅልዬ አወጣሁት። ባዶውን ሲሚንቶ ሲያዩ በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉትና ገቡ። መስታወቱንም አነሣሁ፤ ውስጡ ያለውን ሽማግሌ «ምን ትፈልጋለህ?» እያሉ ይጠይቁት ስለነበር።

ግንቡ ላይ ይታዩዋቸው የነበሩት ልጆች ቢቸና ቀሩ። ሞጣ የመጡት ሠራተኞች ናቸው። አባቴ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ያዩና «እነዚያ ሰዎች ከማለዳ ጀምሮ ቆመዋል» ይላሉ። አካፋ የያዙ፣ ባሬላ የተሸከሙ ናቸው። አንዳንድ ቀን አራት ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ግቢውን ይሞሉታል።

መጀመሪያ ላይ እከራከራቸው ነበር። ማንም አለመኖሩን በማስረጃ ላሳያቸው እፈልግ ነበር። እጃቸውን ይዤ ግቢውን አዞርኋቸው። «ይኸው! ማን አለ?» ስላቸው ዘወር ብለው «አሁን ከአጥሩ ኋላ ሄዱ» አሉኝ። አንድ ቀን ሦስት ክፍል አስተምሬ፣ ደክሞኝ ስገባ ለሠራተኞቹ ምሳ አቅርቢ አሉኝ። ጮህሁባቸው። «የለም አልሁዎት! ማንም የለም! ስንቴ ልንገርዎት?»

አባቴ ትከሻቸው ወረደ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «እኔን ውሸታም ታደርጊኛለሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃላቸው የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ያዩትን ነው የነገሩኝ፤ እኔ የዋሹ አስመሰልኋቸው። ኩሽና ገብቼ አለቀስሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ሁለተኛ እንደማልከራከራቸው ለራሴ ነገርሁት።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ሲመጡ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ እኔ አላየኋቸውም። እርስዎ ግን እንዳዩዋቸው አምናለሁ። ምን ፈልገው ይሆን?»

«ሥራ ነዋ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ዛሬ ሥራ አለ እንዴ?»

አሰቡ። «የለም። ድንጋይ አልቀረበም።»

«እንግዲያ ይንገሯቸዋ። እርስዎ ነዎት አለቃቸው።»

አባቴ ወንበራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ፤ መስኮቱን ከፈትሁላቸው። ለብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን የሥራ ቦታ ድምፃቸውን አውጥተው «ዛሬ ሥራ የለም! ሂዱ፣ ነገ ኑ!» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ሄዱ» አሉኝና ቁርሳቸውን በሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠዋት እንዲህ አሰናብተናቸዋል።

ሁሉም እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጎረቤቴ ጨርቅ የሚነግዱ የሞጣ እስላም ቤተሰብ ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚሁ የኖሩ። ሴትዮዋን እትዬ ነው የምላት። እኔ ሳስተምር አባቴ ዘንድ መጥታ ትቀመጣለች። «እዚህም ተቀምጬ እዚያም ተቀምጬ ያው ነው፤ ልብሴን እዚሁ በመርፌ እጠቅማለሁ» ብላ ነው የጀመረችው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው እትዬ ከፊታቸው ናት። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይች ሴት ማናት?» አሉ።

«ልጅዎ ነኝ አባባ።»

«አይደለሽም። ልጄን ትመስያለሽ፤ ልብሷንም ለብሰሻል። የት አደረግሻት? ልጄን የት አደረግሻት?»

ለእኔ ፈርተው፣ እኔኑ ይጠሉኛል። ወደሳቸው ልሄድ ስል እትዬ ክንዴን ያዘች።

«እቴ፣ ውጪ» አለችኝ በጆሮዬ። «ከበር ውጪ ሁኚና ተጣሪ። ድምፅሽን ነው የሚያውቁት እንጂ መልክሽ ጠፍቷቸዋል።»

ወጣሁ። መንገድ ላይ ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ አጥሩን እንደተደገፍሁ «አባባ! መጣሁ! እንዴት ዋሉ?» ብዬ ተጣራሁ።

«መጣሽ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። «ነይ፣ ነይ ግቢ!»

ገባሁ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አንዲት ሴት እዚህ ነበረች፤ አንቺን መስላ። ይህች ደግ ሴት ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አሉና እትዬን አመሰገኗት። እትዬ ዘወር ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አላወቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበር ውጪ ሳልጣራ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። መንገደኛው ዞሮ ያየኛል። ይየኝ።

በሁለተኛው ዓመት በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ይዘጋ ይከፈት ጀመር። አንዳንዴ ስልክም አይሠራም። አባቴ የሚወስዱት ክኒን ሞጣ አይገኝም፤ ሲቋረጥባቸው ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ይወድቃሉ። የእትዬ ባል ጨርቅ ሊያመጣ ባሕር ዳር በሄደ ቁጥር የሐኪሟን ማዘዣ እሰጠው ነበር። አንድ ጊዜ ከጥቅል ጨርቅ መሀል አውጥቶ የሁለት ወር መድኃኒት ሰጠኝ። «መንገዱ እንዲህ ነው፤ ለአንድ ወር ብቻ መያዝ አያዋጣም» አለ። ከዚያ በኋላ የወር ትርፍ ሳይኖረኝ አድሬ አላውቅም።

መንገዱ በተዘጋ በአንዱ ሰሞን አባቴ ድንገት ተለወጡ። ሠራተኞቹን ሳይሆን እሳት አዩ። ማንንም አያውቁም፤ ለዓይናቸው ሁሉም ጠላት ነው። ግንባራቸውን ብነካው ይፋጃል። በእትዬ ልጆች ትከሻ ባጃጅ ላይ አውጥተናቸው እዚያው ሞጣ ሆስፒታል ደረስን። አልጋው ላይ ሁለት ሰው ይዟቸው ይታገላሉ። ተረኛው ነርስ ከደቡብ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ በጠራ አማርኛ «አይዟችሁ፣ አሁን ይረጋጋሉ» አለንና መርፌ መሙላት ጀመረ።

«ምንድን ነው?» አልሁት።

«ማረጋጊያ ነው።»

የመድኃኒቱን ስም ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ሐኪሟ ከጻፈችልኝ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ነበር።

በነርሱና በአባቴ መካከል ገባሁ። «ይህን መርፌ አይወጉም» አልሁ።

«እናቴ፣ እርስዎ ስለተጨነቁ ነው። ራሳቸውን ይጎዳሉ እኮ።»

«አልተጨነቅሁም። መጀመሪያ ይህን አንብብልኝ።» ወረቀቱን በፕላስቲክ ላሚኔት አስደርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምይዘው። አውጥቼ ሰጠሁት። አጠገቤ የነበረ አስታማሚ «ሐኪሙን ይተውት እንጂ» ሲል ሰማሁት። አልተንቀሳቀስሁም።

ነርሱ መርፌውን ሳይለቅ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበው መሰለኝ። ከዚያ መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና ማኅተሙን አየ። «ይህን ሕመም ተምሬዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም ነበር» አለ። ወጥቶ ዶክተሩን ጠራ። ሽንታቸው ተመረመረ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ፀረ ተሕዋስያን ጀመሩላቸው። እስኪበርድላቸው ድረስ ግን ራሴ አልጋው ላይ ወጥቼ ከኋላቸው ተቀምጬ ደረቴ ላይ አስደገፍኋቸው። ነርሱ መብራቱን ቀነሰልን፤ ከበውን የነበሩትን ሰዎች አስወጣ። በአምስተኛው ቀን አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው ነርሱን አዩትና «ይህ ደኅና ልጅ ነው፤ ሻይ ስጪው» አሉኝ። ነርሱ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለባልደረቦቹ አሳያቸው።

እቤት በገባን በሳምንቱ፣ አንድ ጠዋት አባቴ ፍጹም ራሳቸው ሆነው ነቁ። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ነግራኝ ነበር፤ ሲመጣ ግን ሰው ያስደነግጣል። ፊታቸው በርቷል፤ ንግግራቸው አልተጎተተም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። «አብጃለሁ?»

«አላበዱም አባባ። ሕመም ነው፤ ስምም አለው። አእምሮዎ የሌለ ነገር ያሳይዎታል።»

«እነዚያ ሠራተኞችስ?»

«እርስዎ ያዩዋቸዋል፤ እኛ አናያቸውም።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ይህን ያህል ጊዜ ሲመላለሱ አንድ ድንጋይ እንኳ ሲያነሡ አላየሁም። እንዲህ ያለ ሥራ ፈት እኔ መቼ ቀጥሬ አውቃለሁ?»

አብረን ሳቅን። እኔ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። እሳቸው ግን እጄን ያዙ።

«ደኅና ሳለሁ ልንገርሽ። ክፉ ብናገርሽ እኔ አይደለሁም። ሌላም አለ፤ ላጥብዎት ስትይኝ የምጮኸው ስለማላውቅሽ አይደለም። ስለማውቅሽ ነው። ሴት ልጄ ነሽ። ገላዬን ወንድምሽ ይጠበኝ።»

ለአንድ ዓመት ከምንም በላይ የተታገልንበት ነገር ገላ መታጠብ ነበር። ስንት ጊዜ በግድ ጎትቻቸዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ቧጭረውኛል። ሕመሙ ነው እል ነበር። ሕመሙ አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ለምን እንደማይፈልጉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በዚያው ቀን ወንድሜ ዘንድ ደወልሁ። መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ጠበቀና መጣ። ደርሶ ሲገባ አባቴ ደኅናው ቀናቸው አልፏል። «ይህን ሰውዬ ማን አስገባው?» አሉ። ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ፤ ግቢ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ተከትዬው ወጣሁ። «አባቴ ካዱኝ» አለኝ።

«እኔንም ይክዱኛል። እንደገና ስትገባ ፊታቸው ላይ አትቁም። ከጎን ሆነህ ተናገር። ስለምታውቀው ነገር አውራ።»

ገብቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። የቢቸናን ገበያ ማውራት ጀመረ፤ ጤፉ እንዴት እንደመጣ፣ ማን በቅሎ እንደገዛ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች። ሩብ ሰዓት ያህል ብቻውን አወራ። አባቴ ራሳቸውን ወደሱ አዘነበሉ። «ከሲታ ሆነሃል» አሉት። «ሚስትህ አታበላህም እንዴ?»

በማግስቱ ወንድሜ ውሃ አሙቆ ገላቸውን አጠባቸው። እኔ በሩን ዘግቼ ውጪ ቆምሁ። ጩኸት አልሰማሁም። ውሃ ሲንቆረቆርና ወንድሜ «ቀኝ እጅዎን… አዎ… አሁን ግራውን» ሲል ብቻ ይሰማኛል። ሲወጣ እጅጌው እስከ ትከሻው ርሷል።

«ጀርባቸው እንዲህ ከስቷል እንዴ?» አለኝ። ሦስት ቀን ሊቆይ የመጣው ሰው አንድ ወር ቆየ። ሱቁን ሚስቱ ያዘችለት። አሁን መንገድ በሚፈቅድለት ጊዜ ሁሉ ይመጣል፤ ባይመጣ ደግሞ በስልክ «ስንት ጉንጭ ዋጡ? ሰገራቸው ወጣ? መድኃኒቱ ስንት ቀርቷል?» እያለ እንደ ሐኪም ይመረምረኛል። በየሳምንቱ ገላቸውን እትዬ ያመጣችልን አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ያጥቧቸዋል። ወንድ ናቸው፤ እኩያቸው ናቸው፤ አባቴም አይጮሁም።

ይህን የምጽፈው አባቴ ከመጡ በአራተኛው ዓመት ላይ ነው። አሁን ብዙ አይናገሩም። ሠራተኞቹም ተቀንሰዋል፤ አባቴ አንዳንዴ መስኮቱን አይተው እጃቸውን ያነሣሉ፤ ያ ብቻ ነው። ከወንበር ለማንሣት «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሁ እቆጥርላቸዋለሁ፤ በቁጥሩ ምት እግራቸው ይፈታል። ሲውጡት ትን እንዳይላቸው አጥሚቱን ወፈር አድርጌ በሻይ ማንኪያ ነው የማጎርሳቸው። አንድ ኩባያ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። አርባ ደቂቃ አለኝ። የከሰዓት ፈረቃ እንዲሰጡኝ ርእሰ መምህሩን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ጠዋቱ የሳቸው ነው።

ሰዎች «እስከ መቼ ትችይዋለሽ?» ይሉኛል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አዝነውልኝ ነው። የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ሐኪሟ አልደበቀችኝም። መዋጥ የሚያቆሙበት ቀን ይመጣል። ያ ቀን ሲመጣ የት እንደሚሆኑ ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አይደለም፣ በማያውቁት ሰው እጅ አይደለም። እዚህ፣ በዚህ አልጋ ላይ፣ የአንዳችን እጅ በእጃቸው ሆኖ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማክሰኞ ነው። አጥሚቱን በልተዋል፤ ክኒናቸውን ውጠዋል፤ ጎናቸውን አገላብጫቸዋለሁ። እትዬ የምትጠቅመውን ልብስ ይዛ በሩ ላይ ደርሳለች፤ እኔም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ።